ቆጣሪዋ አትቆጠርም

በሁለተኛው ዓመት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ካርዲፍ እንደ ልማዷ ዝናብ ሲወርድባት፣
ዶክተር ፕሮሰር ገባ፣ ካፖርቱ እንደራሰ፣
የሰው ሰዓት ዋጋ ሰሌዳ ላይ አፈሰሰ።

ለሥራ የሚጓዝ፣ ሰዓቱ ይህን ያህል፤
ተማሪ ከሆነ፣ ግማሹ ይበቃል፤
ጡረታ የወጣች፣ መስኮት ተደግፋ
የምትሄድ ሴት ግን — ቁጥሩ ከዓይን ጠፋ፤
ማለቴ አነሰ፤ ከኋላ የነበርን
መነጽር ጠርገን ነው ዳግም ያነበብን።

«ስድብ አይደለም» አለ፣ «መለኪያ ብቻ ነው፤
ገንዘብ ባጠረ ቀን ሚዛን ነው ዳኛው።»
ጻፍኩት። እውነት አለው። ባዶ እጅ አያካፍልም።
ለሁሉም እሺ ያለ ለማንም አይደርስም።
ይህን የተማርኩት በአንደኛው ዓመት ነው፤
ደግነትም ቢሆን በጀት ነው የሚያበላው።

የመስክ ሥራ መጣ። ዕጣ ወጣ ከባርኔጣ።
ለቴጋን የቤት ኪራይ፣ ለማዶክ ቆሻሻ ወጣ።
የኔን ብጣሽ ስፈታ፦ አውቶቡስ አርባ አንድ።
ናንት-ጉዊን። የሰፈሬ። ያደግኩበት መንገድ።

መመሪያው አጭር ነው። በአንድ ጉዞ ባማካይ
ሰባት ሰው ካልጫነ፣ ድጎማ እንዳያይ።
ከግርጌው ወረድ ብሎ በደቃቅ ፊደል
«ቆጣሪዋ ራሷ አትቆጠርም» ይላል።

በተረት፣ ሞኝ ነበር ራሱን ሳይቆጥር
«አንድ ሰው ጠፋን» ብሎ ሲያለቅስ የሚያድር፤
እኔ ግን ማኅተም ባለው ደብዳቤ ነው
የገዛ ወንበሬን ባዶ የምለው።

ሰኞ። ጎህ ሲቀድ። አሥራ ሁለት ከአርባ።
ጉዊሊም ሞተሩን ቀስቅሶ ጭጋግ ውስጥ ገባ።
ኤሉኔድ ወጣች፤ በሳምንት ሦስት ቀን
በኩላሊቷ ፈንታ ማሽን ያጥባል ደሟን።
ሁለት የመጋዘን ልጆች፣ እንቅልፍ ያልለቀቃቸው፤
ዱቄት በቅንድቡ ያለ ዳቦ ጋጋሪ፣ ከኋላቸው፤
መለከት በሣጥን ያቀፈች ተማሪ፤
ኢድዋል ደግሞ፣ የጥንት ከሰል ቆፋሪ።

«የጉዞዎ ዓላማ?» አልኩት፣ ቅጼን ዘርግቼ።
«ሙቀት ነው» አለኝ፣ «ቤቴን ቀዝቃዛ ትቼ፤
ጫፍ ድረስ እሄዳለሁ፣ ጫፍ ደርሼ እመለሳለሁ።»
ሥራ፣ ሕክምና፣ ገበያ፣ ትምህርት፦ ሣጥኖቹን አየሁ፤
«ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ኤሉኔድ ጠየቀችኝ፦ «ምንድነው የምትማሪው?»
«የሕዝብ ፖሊሲ።» «እሱ ደግሞ ምንድነው?»
«መንግሥት ምን ያደርጋል፣ ለምን፣ ደግሞስ ለማን…»
«እኛስ» አለች፣ «ልጄ፣ የትኛው ላይ ነን?»
በሠንጠረዡ ዋጋ ሃምሳ ደቂቃዋን አሰላሁ፤
ከአንድ ስኒ ሻይ አነሰ። ደብተሬን ዘጋሁ።

ስድስት። ማክሰኞም ስድስት። ረቡዕም ያው።
ሐሙስ ጋጋሪው ቀርቶ ወንድሙ ነው የመጣው።
አርብ የጉዊሊምን የትኬት ጥቅል አየሁ፤
ከኔ በአንድ ይበልጣል በየቀኑ። እኔም ከፍያለሁ።

አንድ ብጨምር ማን ያውቃል? ስገላበጥ ነጋ።
ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የነካው ቁጥር
ነገ እውነቱንም ያሳጣል ዋጋ።

ግን አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ስል ጨመርኩ፦
ኤሉኔድን በታክሲ ወደ ሆስፒታል ቢልኩ
ሒሳቡ እጥፍ ነው፣ የጤና ቢሮ ይከፍለዋል፤
የመንገድ ቢሮው ግን «ቆጠብኩ» ብሎ ያጨበጭባል።
ኪሱ ሁለት ነው እንጂ፣ ሱሪው አንድ ነው።

ፕሮሰር በቀይ ቀለም ኅዳጉ ላይ፦
«የታክሲውን ዋጋ ከየት አመጣሽው?»
ልክ ነበር። ሦስት ቦታ ደውዬ ጠየቅሁ።
እጥፍ ያልኩት ሦስት እጥፍ ነው፤ አረምሁ።

ውሳኔው ለመጋቢት ነው። ምን እንደሚሉ እንጃ።
አርብ አርብ ወደ ቤት ስሳፈር፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ማስረጃ፣
ውስጡ ስድስት ኖረም አሥር፣
ጉዊሊም በመስታወት አይቶኝ «ሰባት!» ይላል ጮክ ብሎ፤
ኢድዋል ከወዲያ ጥግ፣ አንገቱን ኮቱ ውስጥ ጥሎ፣
«በሩን» ይላል፣ «በሩን፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው።»